ከእራት ገበታ የወጣ ቃል፦ የቢቲኤስና የአድናቂዎቹ ጉዳይ

ጁን 14 ቀን 2022 ማታ ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ ወጣ። ሰባት ወጣቶች ገበታ ከበው እራት ይበላሉ። ይጠጣሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ የድሮውን እያነሱ ይስቃሉ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዓል ውሎ ማታ ላይ እንግዳው ሁሉ ሄዶ፣ የቤት ሰው ብቻ ሲቀር የሚወራ ዓይነት ወሬ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ መጨረሻው አይታወቅም። ቀስ እያለ ከበድ አለ። ደክሞናል አሉ። ለጊዜው በየግላችን እንሥራ አሉ። እንባም መጣ።

በማግስቱ ሴኡል ውስጥ የአክሲዮን ገበያው ሲከፈት የኩባንያቸው የሃይብ አክሲዮን ቁልቁል ወረደ። ገበያው እስኪዘጋ ድረስ ዋጋው 25 ከመቶ ገደማ አጥቶ ነበር። በኮሪያ ገንዘብ ሲሰላ ወደ 2 ትሪሊዮን ዎን ነው። በአንድ ቀን፣ በእራት ወሬ!

ሰባቱ ልጆች ቢቲኤስ ናቸው፤ የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ቡድን። እኔ ዘፈናቸውን በቃሌ ከሚያውቁት ወገን አይደለሁም። ያቺን እራት ግን ደጋግሜ አስቤባታለሁ። ዝነኛ ሰው በማህበራዊ ሚዲያ ከአድናቂው ጋር "በቀጥታ" ይገናኛል እንላለን። ቀጥታ ሲባል እስከ ምን ድረስ ነው? መሀል ላይ ማን ቆሟል? የቢቲኤስ ጉዳይ ይህን ከማንም በላይ አፍረጥርጦ ያሳያል። ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሰባት ሰው አካውንት

ቡድኑ በይፋ የጀመረው ጁን 13 ቀን 2013 ነው። አርኤም፣ ጂን፣ ሹጋ፣ ጄ-ሆፕ፣ ጂሚን፣ ቪ እና ጆንግኩክ። ያሰባሰባቸው ቢግ ሂት ኢንተርቴይንመንት ነው። ይህን ድርጅት ባንግ ሺ-ህዮክ የተባለ የሙዚቃ ደራሲና ፕሮዲዩሰር በ2005 አቋቋመው። በዚያን ጊዜ የኮሪያን ፖፕ ገበያ ኤስኤም፣ ዋይጂ እና ጄዋይፒ የሚባሉ ሦስት ኩባንያዎች ይዘውት ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ለመታየት የእነሱ ልጅ መሆን ይጠቅማል። ቢግ ሂት ትንሽ ነው፤ ገንዘብም ሰውም የለውም። የፊት በሩ ጠበብ ሲልበት በጓሮ ዞረ።

ጓሮው ኢንተርኔት ነበር። ልጆቹ ገና አንድ ዘፈን ሳያወጡ፣ በ2012፣ የዩቲዩብ ቻናል፣ ብሎግና የትዊተር አካውንት ተከፈተ። ዩቲዩብ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ካሜራ ፊት ተቀምጦ ስለ ውሎው ያወራል። ዛሬ ዳንሱ አልሆንልኝ አለ፤ ዛሬ ድምፄ አስቸገረኝ፤ እንዲህ እንዲህ። የተቀባባ ነገር የለውም። ሥራ ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ከመድረክ ጀርባ የተቀረጹ አጫጭር ቪዲዮዎች ይለቀቁ ጀመር። አንዱ ሲተኛ ሌላው አፍንጫውን ሲነካካው፣ የመልበሻ ክፍል ቀልድ፣ የመኪና ውስጥ ጭፈራ።

ከሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ የትዊተሩ ነገር ነው። ሰባት ሰው፣ አንድ አካውንት። የጻፈው ብዙ ጊዜ ስሙን በሃሽታግ ያኖራል፤ ካላኖረም አድናቂው ከአጻጻፉ ይለየዋል። አካውንቱ እንደ መሶብ ነው፤ ሰባቱም ከአንዱ ይቆርሳሉ።

ይህ ተራ ነገር ይመስላል። አይደለም። በየግላቸው ገጽ ቢኖራቸው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት የተከታይ ቁጥር ፉክክር ይጀመራል። እገሌ ይበልጣል፣ እገሌ ያንሳል። በጋራ ገጽ ግን የጂሚንን ፎቶ ፍለጋ የመጣች ልጅ የሹጋን ቀልድም ሳትወድ በግድ ታያለች። ለአንዱ ብላ መጥታ ሰባቱን ታውቃለች። የየራሳቸውን ኢንስታግራም የከፈቱት በዲሴምበር 2021 ነው፤ ከተነሱ ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ በደቦ አካውንት የሚኖር ዝነኛ ብዙ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ዝናው ከመምጣቱ በፊት ወሬው ነበር። ብዙ ዝነኛ ሰው መጀመሪያ ይታወቃል፤ ከዚያ "ከአድናቂዎቼ ጋር ልቅረብ" ብሎ ገጽ ይከፍታል፤ ገጹንም የቢሮ ሰው ይጽፍለታል። እነዚህ ልጆች ማንም ሳያያቸው ነው ማውራት የጀመሩት። በኋላ የመጣ አድናቂ ወደ ኋላ ሄዶ ያንን ሁሉ ያገኘዋል። አብሮ አደግ ያህል ይሰማዋል። ያልነበረበትን ልጅነት እንደ ነበረበት ያስታውሰዋል።

በመሀል የቆሙት

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ልጆቹ የሚያወሩት በኮሪያኛ ነው።

ከሰባቱ እንግሊዝኛ የሚናገረው አርኤም ነው፤ እሱም የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ እያየ ተማርኩት ይላል። የቀሩት በኮሪያኛ ይጽፋሉ፤ በኮሪያኛ ይቀልዳሉ። ታዲያ ብራዚል ያለች ተማሪ፣ ፊሊፒንስ ያለች ነርስ፣ ቴክሳስ ያለ ሹፌር እንዴት ነው የሚስቁት?

አድናቂ ተርጓሚዎች ነበሯቸው። ደመወዝ የላቸውም፤ ማንም አልቀጠራቸውም። ኮሪያኛና ሌላ ቋንቋ የሚያውቁ ልጆች ናቸው። ከልጆቹ አንዱ ትዊተር ላይ የሆነ ነገር ጣል ሲያደርግ በደቂቃዎች ውስጥ እንግሊዝኛው፣ ስፓኒሹ፣ አረብኛው ይወጣል። ዩቲዩብ ቪዲዮ ሲወጣ የግርጌ ጽሑፍ ይሠራሉ። ሌሊት ይሁን ቀን ግድ አይሰጣቸውም።

የተርጓሚዎቹ ሥራ ቃል ማቀበል ብቻ አልነበረም። ኮሪያኛ እንደኛ ቋንቋ ክብርን ግሱ ውስጥ ይጨምራል። "አንተ" እና "እርስዎ" ብለን እንደምንለየው እነሱም ለታላቅ የሚናገሩበት መንገድ ለታናሽ ከሚናገሩበት ይለያል። "ህዮንግ" የሚባል ቃል አለ። ወንድ ልጅ በዕድሜ የሚበልጠውን ወንድ የሚጠራበት ነው። እኛ "ጋሼ" እንላለን፤ አለቀ። እንግሊዝኛ ግን መድረሻ ያጣል። ስለዚህ ተርጓሚዋ ቃሉን እንዳለ ትተወውና ከሥሩ ማብራሪያ ትጽፋለች፦ ጆንግኩክ የሁሉም ታናሽ ነው፤ እዚህ ጋ "ህዮንግ"ን የዘለለው ሆን ብሎ ለማብሸቅ ነው፤ ሌሎቹ የሳቁት ለዚህ ነው። ማብራሪያው ከሌለ ቀልዱ የለም። (ወደ አማርኛ ቢተረጎም እንዴት እንደሚቀል ሳስብ ትንሽ እቆጫለሁ። "ጋሼ"ን ዘሎ በስሙ ጠራው ብንል የትኛውም የአዲስ አበባ ልጅ ሳይነገረው ይስቃል።)

አድናቂዎቹ ከጁላይ 2013 ጀምሮ "አርሚ" የሚል ስም አላቸው። ስሙ ጦር ማለት ነው፤ አንዳንዴ እውነትም ጦር ይመስላሉ። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የ2017 ሽልማት ላይ በማህበራዊ ሚዲያ ቀዳሚ አርቲስት የሚባል ዘርፍ ነበር። ጀስቲን ቢበር ለስድስት ተከታታይ ዓመት ወስዶታል። ሜይ 21 ቀን 2017 ላስ ቬጋስ ላይ ሽልማቱን ቢቲኤስ ወሰዱት። በሃሽታግ የተሰጠላቸው ድምፅ ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው ተብሏል። ያን ቀን ብዙ የአሜሪካ ጋዜጠኛ እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። እነሱ ግን አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበሩ፤ ያላያቸው እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ያሉ አድናቂዎች ደግሞ በየግዛቱ ተከፋፍለው ወደ ሬዲዮ ጣቢያዎች ይደውሉ ነበር። ይህን ዘፈን አጫውቱልን። አንዳንዱ ለዲጄው አበባ ይልካል። በዓመቱ፣ በ2018፣ የቢልቦርድን የአልበም ሰንጠረዥ በአንደኝነት የያዘ የመጀመሪያው የኮሪያ ቡድን ሆኑ።

ጁን 2020 ላይ የሆነው ደግሞ የተለየ ነው። ቢቲኤስና ድርጅቱ ለጥቁሮች መብት እንቅስቃሴ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። አድናቂዎቹ ይህን ሲሰሙ እኛም እንደግመዋለን ተባባሉ። ከአንድ ቀን ብዙም ሳይበልጥ ሌላ 1 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። አዋጡ ያላቸው ሰው አልነበረም። ይህ ጉዳይ የልጆቹ ብልጠት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎችን እኔ የማላምናቸው ለዚህ ነው። ግማሹን የሠራው ሰፈሩ ነው።

ኩባንያው ቤት ሠራ

ቢግ ሂት ይህን ሁሉ እያየ ዝም አላለም። ቢቲኤስ በትዊተር፣ በዩቲዩብ፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ኔቨር በሚባለው የኮሪያ ኩባንያ የቀጥታ ቪዲዮ መተግበሪያ በቪ ላይቭ በኩል ይወጡ ነበር። ሁሉም የሰው ቤት ነው። ተከራይ ደግሞ ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ ደንብ ሲቀይር ዕቃህን ትሸክማለህ።

ጁን 2019 ላይ ዊቨርስ የሚባል የራሱ መተግበሪያ ተከፈተ። አድናቂው እዚያ ይጽፋል፤ ልጆቹ መጥተው ይመልሳሉ። መተርጎሚያው አብሮት ነው፤ አንድ ነካ ሲያደርጉት ኮሪያኛው ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። ከጎኑ ሱቅ አለ፤ አልበም፣ ቲሸርት፣ የኮንሰርት መብራት ይሸጣል። የአባልነት ክፍያም አለ። ወዳጅነቱና ካሽ ሬጅስተሩ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

ጊዜው ገጠመለት። በ2020 ኮሮና መጣና የዓለም ዙር ኮንሰርታቸው ቀረ። ጁን 14 ቀን 2020 በኢንተርኔት ኮንሰርት አሳዩ። በአንድ ጊዜ ከፍለው ያዩት ሰዎች ከ750,000 በላይ ደርሰዋል። ስታዲየም ቢሆን ስንት እንደሚያስፈልግ ቁጠሩት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 15 ቢግ ሂት አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። በኋላ ስሙን ሃይብ አለው። ባንግ ሺ-ህዮክ ለሰባቱ ልጆች ከራሱ ድርሻ ለእያንዳንዳቸው 68,385 አክሲዮን ሰጣቸው።

እዚህ ጋ ልቁም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚሰማቸው ሁለት ዓይነት ሰው ሆነ። አንዱ ትራስ ታቅፎ የሚያያቸው አድናቂ ነው። ሌላው ዋጋ የሚቆጥር ባለሀብት ነው። ሁለቱም አንዱን ቪዲዮ ያያሉ።

እራቱ

በየዓመቱ ጁን ላይ፣ የቡድኑን ልደት አስመልክተው፣ ለአድናቂዎቻቸው የሚያዘጋጁት ነገር አለ። ፎቶ፣ ዘፈን፣ ደብዳቤ ይለቃሉ። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ገበታ ቀርቦ እየበሉ ይጨዋወታሉ። የ2022ቱ እራት ከዚህ ልማድ የመጣ ነው። ከአራት ቀን በፊት የዘጠኝ ዓመት ሥራቸውን ያሰባሰበ አልበም አውጥተው ነበር። ስለዚህ ወደ ኋላ ማየቱ አይገርምም።

ንግግሩን የከፈተው በዋናነት አርኤም ነው። ያለውን በኔ ቃል ልንገራችሁ። በ2021 የወጡት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ዘፈኖቻቸው ዓለምን ካዳረሱ በኋላ ቡድናችን ምን ዓይነት ቡድን እንደሆነ ጠፋብኝ አለ። የኬፖፕ፣ የኮሪያ ፖፕ ማለት ነው፣ አሠራር ሰው እንዲበስል ጊዜ አይሰጥም አለ። ያለማቋረጥ አንድ ነገር ማምረት አለብህ። ግጥም ልጽፍ ስቀመጥ የምለው ነገር የለኝም። ማረፍ እፈልጋለሁ ማለት ደግሞ አድናቂውን እንደ መበደል ይሰማኛል። ሹጋም ግጥም መጻፍ እንዴት እንደከበደው ተናገረ። ጂሚን ማንነታችንን እየፈለግን ነው አለ። ጆንግኩክ እንባውን ጠረገ።

ከልብ የወጣ ነበር። እኔ ትወና አይመስለኝም።

የተወሰነው ነገር ይሄ ነው፦ ለተወሰነ ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል። ጄ-ሆፕ ይጀምራል። ከዚያ ሌሎቹ በተራ። ቡድኑ አይፈርስም።

ቪዲዮው ላይ ኩባንያው ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ አለ። እዚያ ላይ "ሃያተስ" የሚል ቃል ገባ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ሲሰማ ሥራው ቆመ፣ መቼ እንደሚቀጥልም አይታወቅም ይላል። ትልቅ የሮክ ባንድ ሊፈርስ ሲል በጨዋ ቋንቋ የሚያወጣው ቃል ነው። ኮሪያኛ የሚያውቁ አድናቂዎች ግን ያንኑ ማታ ይጮሁ ጀመር፦ ኧረ ልጆቹ ያሉት ቀለል ያለ ነው! እረፍት ለማለት የቀረበ ነው!

ማን ይስማቸው። የዜና አውታሩ ሁሉ አንዱን ቃል ይዞ በረረ። ርዕስ ለመሥራት እንደ ተፈጠረ ቃል ነበር። የአንድ ሰዓት ጨዋታ ወደ አንድ መስመር ተጨመቀ፤ አጠገቡ የሚያለቅሱ ልጆች ፎቶ ተለጠፈ። ጠዋት ገበያው ሲከፈት ነጋዴው ያነበበው ቪዲዮውን አልነበረም፤ ርዕሱን ነው።

ለነጋዴው ልፍረድለት ካልኩ፣ ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አልነበረም። ኮሪያ ውስጥ ጤነኛ ወንድ ሁሉ ውትድርና ይገባል። ታላቃቸው ጂን በዲሴምበር 2022 ዕድሜው 30 ሊሞላ ነበር፤ ለነሱ ተብሎ በ2020 የተሻሻለው ሕግም የሚያቆያቸው እስከዚያ ብቻ ነበር። ኩባንያው በእነዚህ ሰባት ልጆች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ገበያው ቀድሞም ጆሮውን አቁሞ ነበር። ቃሉ ክብሪት ሆነ እንጂ ቤንዚኑ ፈስሶ ቆይቷል።

ማግስቱ

ሃይብ መግለጫ አወጣ። ቡድኑ ሥራ አላቆመም፤ በግልም በጋራም ይቀጥላሉ አለ። መግለጫው ግን ውሃ አላነሳም። የራስህን የግርጌ ጽሑፍ በራስህ መግለጫ ስትክድ ማን ያምንሃል?

ነገሩን ያረጋጉት ልጆቹ ናቸው፤ ያረጋጉትም በዚያው ባበላሸው መንገድ ነው። ጆንግኩክ በማግስቱ ቪ ላይቭ ላይ ብቻውን ገባ። አንበታተንም፤ የሚወራው ልክ አይደለም አለ። አርኤም ደግሞ ዊቨርስ ላይ ጻፈ። ቪዲዮውን ሳያዩ የሚያለቅሱበትን ቦታ ብቻ ቆርጠው የሚለጥፉትና የሚያጋንኑት አሳዝነውታል። ቁጣና ድካም የተቀላቀለበት ጽሑፍ ነበር። ለኩባንያ ጠበቃ ብታሳዩት ግማሹን የሚሰርዘው ዓይነት። ለአድናቂው ግን እምነት የሚሰጠው ያ ነው።

ጄ-ሆፕ እንደተባለው ጁላይ 15 የራሱን አልበም አወጣ። በወሩ መጨረሻ ቺካጎ ላይ ሎላፓሉዛ የሚባለውን ትልቅ ፌስቲቫል በዋና አቅራቢነት ዘጋ። ማለትም እራቱ ላይ የተባለው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ውስጥ ሲፈጸም ታየ።

የኩባንያው ችግር ግን ገና ነበር። በሜይ 2023 የኮሪያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ አንድ ነገር ይፋ አደረገ። ሦስት የድርጅቱ ሠራተኞች የእራቱን ወሬ ቀድመው ሰምተው፣ ቪዲዮው ሳይወጣ አክሲዮናቸውን ሸጠዋል። በዚህም በጠቅላላ 230 ሚሊዮን ዎን ገደማ ኪሳራ አምልጠዋል፤ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተመራ። ተቆጣጣሪው ሌላም ቅሬታ ነበረው። ባለሀብትን የሚነካ እንዲህ ያለ ትልቅ ውሳኔ በደንቡ መሠረት በይፋ መዝገብ መገለጥ ሲገባው በማህበራዊ ሚዲያ ቪዲዮ ነው የወጣው አለ።

እዚህ ላይ ነው እኔም ከኩባንያው ጋር የምጣላው። ልጆቹ ለወዳጅ በሚናገሩበት አፍ ተናገሩ፤ ልክ ናቸው። ያንን ለባለሀብት በሚገባ ቋንቋ ለብቻው አዘጋጅቶ ቀድሞ ማቅረብ የነሱ ሥራ አልነበረም። ቢሮ ሙሉ ሰው ያለው ድርጅት ነው። ትርጉሙንም ያየ ሰው የለም? ያለ ደመወዝ የሚሠሩት አድናቂ ተርጓሚዎች ለአንዲት "ህዮንግ" ሦስት መስመር ማብራሪያ ይጽፋሉ። የባለሙያው የግርጌ ጽሑፍ የቡድኑን ዕጣ የሚነካውን ቃል ያለ አንዲት ማብራሪያ አሳለፈው። የከበደው ትርጉሙ አይደለም። ማን እንደሚያነበው ያሰበ ሰው አልነበረም።

ኦክቶበር

የተማሩ ይመስለኛል። ኦክቶበር 15 ቀን 2022 ቢቲኤስ ቡሳን ላይ በነጻ ትልቅ ኮንሰርት አደረጉ። በሦስተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 17፣ ጂን ወታደር ቤት ሊገባ እንደሆነ ተነገረ። አሁን ግን እራት የለም፤ እንባ የለም። ለባለሀብቱ በይፋ መዝገብ ገባለት። ለአድናቂው ደግሞ ድርጅቱ በጽሑፍ አስታወቀው። ሌሎቹም በተራ እንደሚከተሉ፣ በ2025 አካባቢ እንደገና በጋራ ለመሥራት እንደሚያስቡ ተገለጠ። ወሬው ከጁኑ ይልቅ የከበደ ነው፤ የሚቀሩበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ መዘዙ ግን የጁኑን ያህል አልሆነም።

ጂን ራሱ የተናገረው በኋላ ነው። ከመግባቱ በፊት ዊቨርስ ላይ ጻፈ፦ ማሠልጠኛው በር ላይ አትምጡ፣ ሌሎች ልጆችና ቤተሰቦቻቸውም አሉ፣ ሰው ሲበዛ አደጋ ይሆናል። ከዚያ ዲሴምበር 11 ላይ አንድ ፎቶ ለጠፈ። ጸጉሩ ተላጭቷል። ከሥሩ የጻፈው ካሰብኩት በላይ ያምራል የሚል ቀልድ ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ዮንቾን ወዳለው ማሠልጠኛ ገባ። አብዛኛው አድናቂ ቃሉን ሰምቶ ቤቱ ቀረ። ካሜራ ይዞ በሩ ላይ የተሰለፈው ጋዜጠኛው ነበር።

መቀራረቡ ግን ዋጋ አለው፤ ይህንን ሳልል ባልፍ ጉዳዩ ይጎድላል። በ2023 ጆንግኩክ ኢንስታግራሙን ዘጋው። አልጠቀምበትም፣ ማውራት ስፈልግ ዊቨርስ ላይ እገባለሁ አለ። ገባም። ማታ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠጣል፣ ይዘፍናል፣ ኑድል ይቀቅላል፣ ከአድናቂ ጋር ያወራል። ስክሪፕት የለ፣ ሥራ አስኪያጅ የለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ምግብ ቤቱ በር ድረስ ይመጣለት ጀመር። አድናቂዎች እያዘዙ ይልኩለታል። ደግነት ነው፤ ግን አድራሻውን አውቀውታል ማለት ነው። በሜይ ወር አመስግኖ፣ ጠግቤያለሁ፣ ከእንግዲህ ቤቴ አትላኩ አለ። ከዚህ በኋላ ከተላከ የትዕዛዙን ቁጥር ይዤ ወደ ሕግ እሄዳለሁ ሲልም አስጠነቀቀ። ሁለቱን አንድ ላይ መናገር ለዝነኛ ሰው ቀላል አይደለም።

መግባቱን ግን አላቆመም። በጁን 2023 አንድ ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ ላይቭ ከፈተ። ስልኩን አጠገቡ አቆመ። ትንሽ አወራ። ከዚያ ዓይኑ ከበደ። ላይቩ ሳይዘጋ እንቅልፍ ወሰደው። ሚሊዮኖች ሲተነፍስ እያዩ ቁጭ አሉ። ተርጓሚዎቹም እንደሌላው ሰው ዝም ብለው ከማየት በቀር የሚሠሩት አልነበራቸውም።